ቴሪዮስና ራሽ፦ ሦስት ትውልዶች በጅማ ጭቃ

ጅማ ውስጥ መኪና ፍለጋ የወጣ ሰው ከደላላ አፍ ቶሎ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ ቴሪዮስ ነው። አቅሙ ትንሽ ጠና ያለ ከሆነ ደግሞ «ራሽ አለልህ፤ ያው ቴሪዮስ ማለት ነው፣ ፎር ዊል ነው» ይባላል። የአባባሉ የመጀመሪያ ክፍል እውነት ነው፤ ሁለቱም የጃፓኑ ዳይሃትሱ የሠራቸው የአንድ ቤተሰብ መኪኖች ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ አይገኝም፤ ይህን አምኖ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ በክረምት መንገድ ላይ የቀረ ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህች ትንሽ ጂፕ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ምን ይዛ እንደመጣች፣ በየትውልዱ ምን እንደጨመረችና ምን እንደጣለች፣ ከነዳሁት ተነሥቼ ለይቼ መጻፍ ፈለግሁ።

ሥራዬ ከቡና ጥራት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ ጨቆርሳና ወደ ዴዶ ዓመቱን ሙሉ እመላለሳለሁ። አምስት ዓመት የመጀመሪያውን ትውልድ ቴሪዮስ ነድቻለሁ፤ ሁለተኛውን ከያዝሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሦስተኛውን፣ ማለትም አዲሱን ራሽ፣ ከአጎቴ ልጅ እየተዋስሁ በጋም ክረምትም ሞክሬዋለሁ። የአካባቢያችንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ዋናው ፈተና አስፋልቱ እንዳልሆነ ይረዳል። ፈተናው ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ቡና መፈልፈያው የሚወስደው የመጨረሻው ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ እሸት ቡና መለቀም በሚጀምርበት በጥቅምት ዝናቡ ገና ጨርሶ ስለማይወጣ፣ ቀዩ አፈር ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ፍርዴን ሁሉ የሰጠሁት ይህን መንገድ መለኪያ አድርጌ ነው።

ዳይሃትሱ ቴሪዮስን ለገበያ ባቀረበበት ዘመን ትንንሽ ጂፖች መንታ መንገድ ላይ ነበሩ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ራቭፎር ሞተሩን እንደ ቤት መኪና ወደ ጎን አጋድሞ ሲያስቀምጥ፣ ሱዙኪ ቪታራ ግን የጭነት መኪና ዓይነት ሻንሲ ይዞ ቀጥሎ ነበር። ቴሪዮስ ከሁለቱ መሐል ገባ። አካሉ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ነው፤ ሞተሩ ግን እንደ ፒክአፕ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ኃይሉን ረጅም ዘንግ ይዞ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎች ወደሚያካፍለው የማርሽ ቤት) ይወስደዋል፤ የኋላው አክስልም ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው። አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኙ ሲሆን፣ በፊትና በኋላ መካከል ያለው ዲፈረንሻል በአንድ ቁልፍ ይቆለፋል። በ1300 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ለምትንቀሳቀስ መኪና ይህ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ቴሪዮስ ስፋቱ 1,555 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከጎን ሲታይ ጂፕ፣ ከኋላ ሲታይ ደግሞ ቆሞ የተሠራ ሳጥን ይመስላል። ጥበቱ የመጣው ጃፓን ውስጥ ለጥቃቅን መኪኖች ከተወሰነው መጠን ጋር ተቀራርቦ በመነደፉ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1998፣ 660 ሲሲ ሞተር ያላት ቴሪዮስ ኪድ በዚያው አካል ላይ ተሠርታ ወጥታለች። ሂርማታ ገበያ ሰሞን ባጃጅና ጋሪ በተጨናነቀበት ቀጭን መንገድ ላይ ይህ ጥበት በረከት ሲሆን፣ ሦስት አዋቂ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው አጋሮ ድረስ ሲሄዱ ግን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው። የዚህ ትውልድ መኪኖች ወደ አገራችን በብዛት እንዲገቡ ያደረገው አንድ ምክንያት ከመንገድ ጋር የማይገናኝ ነው፦ በቀድሞው የኤክሳይዝ ታክስ አከፋፈል እስከ 1300 ሲሲ ያለ መኪና 30 በመቶ ሲከፍል፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ ይከፍል ነበር። የቴሪዮስ ሞተር 1,298 ሲሲ ገደማ ስለሆነ ከድንበሩ በታች በጠባብ ልዩነት አለፈ፤ በቪትዝ ዋጋ አቅራቢያ ፎር ዊል መግዛት የተቻለው በዚህ ነው።

ይህን ትውልድ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር አጥብቄ እነግረዋለሁ። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ የተሠሩት ሞተሮች የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚጠብቅ ቺንጋ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ኬ ስሪ ቪኢ የሚባሉት ሞተሮች ግን ሰንሰለት ነው የሚጠቀሙት። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ማስረዳት ካልቻለ፣ ወዲያውኑ እንደሚቀየር አስቦ ዋጋውን መቀነስ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ዳይሃትሱ ቢ ጎ፣ በቶዮታ ምልክት ደግሞ ራሽ ተባለ፤ ወደ ሌላው ዓለም የሄደው ቴሪዮስ የሚለውን ስም ይዞ ቀጠለ። እኔ የወደድሁት ይህንን ነው፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልጻፈው። ስፋቱ ወደ 1,695 ሚሊ ሜትር አደገ፤ ሞተሩ 1,495 ሲሲና 109 የፈረስ ጉልበት ሆነ፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 200 ሚሊ ሜትር ነው። በአካሉ ወለል ውስጥ እንደ መሰላል የተሠራ የብረት ማጠናከሪያ ተቀብሮበታል፤ የኋላው አክስል በአምስት ዘንጎች ተይዞ በሞላ ላይ ይቀመጣል። ባሌስትራ ስለሌለው ባዶውን ሲሄድ እንደ ፒክአፕ አይነጥርም፤ በሌላ በኩል አንድ ወጥ የሆነው አክስል አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ሌላውንም ስለሚያነቃንቀው፣ በኮረኮንች ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወገቡ እየተወዛወዘ ይደርሳል። እናቴ ይህን መኪና «የሚያንቀጠቅጠው» ነው የምትለው፤ እውነት አላት። የዘመኑ መሐንዲሶች የመንገደኛ ምቾትን አስቀድመው ቢሆን ኖሮ የኋላ ጎማዎችን ለየብቻ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ጥንካሬን በመምረጣቸው ግን አመሰግናቸዋለሁ።

የመሐሉን ዲፈረንሻል የሚቆልፈው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ብዙ ባለቤት ሳያውቀው ስለሚኖር፣ በአንድ አጋጣሚ ላስረዳ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ከጌራ ስንመለስ፣ ከኋላ ሁለት ጆንያ የጀንፈል ናሙና ጭነን፣ አይሱዙ የቆፈረው ጉድጓዳማ ዳገት ላይ ደረስን። ቁልፉን ሳልነካ በሁለተኛ ማርሽ ገባሁ። መሐል ላይ ስደርስ የፊት ግራ ጎማ ከጉድጓዱ ጠርዝ ተንሸራተተና ባዶውን መሽከርከር ጀመረ፤ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር የሚዞረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ጸጥ ብለው ቆመዋል። ዲፈረንሻል ባሕርይው እንዲህ ነው፦ ኃይሉን ቀላል ወደሆነለት ይልከዋል፤ ቀላሉ ደግሞ የሚንሸራተተው ጎማ ነው። ያኔ ቁልፉን ተጫንሁ፤ ነገር ግን መኪናው አስቀድሞ እስከ ወለሉ ሰጥሞ ነበር። ቡና ሲለቅሙ የነበሩ ጎረቤቶች መጡ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጎማውን፣ ከዚያም እኔን አዩና «ልጄ፣ ወርደህ መንገዱን ሳታየው ነው የገባኸው» አሉኝ። ቅርንጫፍ አስቆርጠው ከፊት ጎማዎች ሥር አስነጠፉልኝ፤ እኔም ዲፈረንሻሉ እንደተቆለፈ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ፤ አሁን ቢያንስ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ አብረው መዞር ስላለባቸው መኪናው እያቃሰተ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጭቃ ውስጥ ከመግባቴ አስቀድሜ፣ ገና ጎማው ደረቅ መሬት ላይ ሳለ፣ እቆልፋለሁ፤ አስፋልት ላይ ስወጣም ወዲያው እፈታለሁ። ተቆልፎ በደረቅ አስፋልት ላይ የሚታጠፍ መኪና የፊትና የኋላ ጎማዎቹ የሚሄዱት ርቀት እኩል ስላልሆነ፣ ጭንቀቱ ሁሉ በዘንጎቹና በማርሾቹ ላይ ያርፋል። ከመቆለፉም ጋር ቢሆን ወሰን አለው። በአንድ ጊዜ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ በሰያፍ ከመሬት ከተነሡ ማንም አያወጣውም፤ እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ኃይል የሚያበዛ ዝቅተኛ ማርሽም የለውም። ስለሆነም ቴሪዮስን ገደል የሚያስወጣ መኪና አድርጎ መሸጥ ስሕተት ነው፤ የክረምት ገጠር መንገድ መኪና ነው፤ ለዚያ ደግሞ በዚህ መጠን ካሉት ሁሉ አስበልጬዋለሁ።

ሞተሩን በተመለከተ የጅማን ከፍታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል፤ ከተማችን 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ ወረቀት ላይ 109 የተባለው ጉልበት እዚህ ሲደርስ 90 ገደማ ይሆናል። ይህ ይበልጥ የሚታወቀው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነው፤ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወደ ሶኮሩ አቅጣጫ የሚያስወጣውን ዳገት አራት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ይዞ በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት መሞከር ትርፉ ሞተሩን ማስጨነቅ ነው። ወደ ሦስተኛ ወርዶ፣ ከኋላ የሚያስቸኩለውን ሚኒባስ አሳልፎ፣ በትዕግሥት መውጣት ነው። ነዳጁን ስለካ በአስፋልት በሊትር ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሜትር፣ በጭቃና በዳገት ደግሞ 8 ገደማ አገኛለሁ፤ አራት ጎማ ሁልጊዜ ለሚያዞር መኪና ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በነዳጅ ቁጠባ ግን ማንም አያመስግነው። የሚመሰገነው በመታጠፍ ነው። የመዞሪያ ራዲየሱ 4.9 ሜትር ስለሆነ፣ ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ ድልድዩ ተሰብሮ ስትደርስ ወደ ኋላና ወደ ፊት አንዴ ብለህ ትመለሳለህ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ያሳዘነኝ አንድ ብልሽት ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ከኋላ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ይሰማ ጀመር። የወሰድሁበት ጋራዥ የጎማው ኩሽኔታ ነው ብሎ ሁለቱንም ቀየረ፤ ገንዘቡን ከፈልሁ፤ ድምፁ እንዳለ ቀረ። በኋላ አጂፕ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድሁና «ጋሼ፣ ኩሽኔታ አስቀይሬ ነበር፤ ያው ነው» ብዬ ነገርኋቸው። እሳቸው መኪናውን ከማንሣታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ «ድምፁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ነው የሚለወጠው፣ ወይስ ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ?» ነዳጅ ስለቅ እንደሚጠፋ ስነግራቸው አልተጠራጠሩም፦ ሲታጠፉ የሚለወጥ ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ፣ በነዳጅ የሚለወጥ ድምፅ ደግሞ የዲፈረንሻል ነው። ከፈቱት በኋላ የወጣው ዘይት ጠቁሮ፣ የብረት ብናኝ ይዞ በመብራት ሲያብለጨልጭ አየሁ። ጭቃና ውኃ ውስጥ የሚገባ መኪና የዲፈረንሻል ዘይቱ በየዓመቱ መታየት እንዳለበት ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ ወጪ ባዳንሁ ነበር። ከዚህ ሌላ የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ ማንኳኳት የጀመረው በአራተኛው ዓመት ነው፤ ሞተሩ ሰንሰለት ያለው በመሆኑ ከዘይትና ከካንዴላ ውጪ አልተነካም።

ሦስተኛው ትውልድ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው፤ ለማን እንደተሠራም ከዚሁ ይታወቃል። በዚያ አገር ገዢው የሚፈልገው ሰባት ሰው የሚይዝ የቤተሰብ መኪና ስለሆነ ራሽ ርዝመቱ ወደ 4,435 ሚሊ ሜትር አደገ፤ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ይዞ መጣ፤ ከመሬት ያለው ከፍታም 220 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ሞተሩ 1,496 ሲሲ ሆኖ ጉልበቱ 104 ነው፤ ማለትም መኪናው ሲረዝም ጉልበቱ በጥቂቱ ቀነሰ። አሁንም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ኃይሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኋላው አክስል አሁንም አንድ ወጥ ነው። የጠፋው የፊቱ ነው። በዚህ ትውልድ ፎር ዊል የሚባል ነገር ጭራሽ አልተሠራም፤ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው።

ይህን ለአጎቴ ልጅ ስነግረው አላመነኝም፤ ሲሸጥለት ሌላ ተብሎ ነበርና። ሰኔ ላይ ወደ ዴዶ አብረን ሄድን። አስፋልቱ ላይ ከእኔ መኪና የተሻለ መሆኑን አልክድም፦ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ልጆቹ ከኋላ ተዘርግተው ተቀመጡ፣ በደኅንነት በኩልም በብዙ ገበያ ስድስት የአየር ከረጢት ይዞ ይመጣል፤ በእኔው ቴሪዮስ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ደረቁ ጠጠር ላይ 220 ሚሊ ሜትሩ ከፍታ እጅግ ጠቀመን፤ የእኔ መኪና ሆዱን የሚያሽበት ድንጋይ ላይ ሳይነካ አለፈ። ዝናቡ የመታው ዳገት ላይ ግን የኋላ ጎማዎቹ እየተንሸራተቱ ጅራቱ ወደ ቦዩ ዞረ። ባለ ኋላ ጎማ መኪና ባዶውን ሲሆን ከኋላ የሚጫነው ክብደት ስለሌለ መሬቱን አይጨብጥም፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ሦስት ሰው ከኋለኛው ወንበር ላይ ስናስቀምጥ ያንኑ ዳገት ወጣው። ቤቱ ከአስፋልት ዳር ለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባና ቦንጋ ለሚመላለስ ሰው ይህን መኪና ያለ ስጋት እመርጥለታለሁ። ለጌራ የቡና መንገድ ግን አይደለም።

ጃፓን ውስጥ ቢ ጎና የቀድሞው ራሽ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲቆሙ፣ ቦታቸውን በኅዳር 2019 የያዙት ዳይሃትሱ ሮኪና ቶዮታ ራይዝ ናቸው። እነዚህ የተለየ ዘር ናቸው፦ መጀመሪያ ሲወጡ ሞተራቸው ወደ ጎን የተጋደመ፣ ባለ ሦስት ፒስተንና ባለ ቱርቦ፣ 996 ሲሲ ብቻ ሲሆን፣ በመሠረቱ የፊት ጎማ ይነዳሉ፤ ፎር ዊሉ ጃፓን ውስጥ ከአንዳንዶቹ ጋር ይመጣል። ቱርቦው በከፍታ ላይ ጉልበቱን ስለማይለቅ ለእኛ ዓይነት ደጋ ይስማማል። ሆኖም በ1997 የተጀመረው አሠራር፣ ጠንካራው የኋላ አክስልና የሚቆለፈው ዲፈረንሻል በትንሽ መኪና ውስጥ የተገናኙበት አሠራር፣ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከሁለተኛው ትውልድ በኋላ አልቀጠለም። ዓለም ወደ ለስላሳ መንገድ ስለሄደ አምራቹን አልወቅስም፤ የእኛ መንገድ ገና ያንን ስለሚጠይቅ ግን ይቆጨኛል።

ከአሁን በኋላ አዲስ ይገባል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ፎር ዊል ቴሪዮስ የሚፈልግ ሰው የሚገዛው አስቀድሞ አገር ውስጥ ካለው ነው፤ ከእነዚህም መካከል በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ ሁለተኛ ትውልዶች አሉ፤ ለማሌዥያና ለኢንዶኔዥያ የተሠሩት ራሾች ለምሳሌ ሁሉም እንዲያ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ በኋላ በር ላይ የተንጠለጠለው ስኮርታ ጎማ እንኳ ያው ነው፤ ሊብሬውም ላይ ቢሆን ይህን የሚለይ ነገር አላገኘሁም።

እኔ ለወዳጆቼ መኪና ሳይ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ ክሩስኮቱ ላይ የዲፈረንሻል መቆለፊያው ቁልፍ መኖሩን አያለሁ። ቀጥሎ ካርቶን አንጥፌ ከፊት በኩል ከሥሩ እገባለሁ፤ ከካምቢዮው ወደ ፊት አክስል የሚሄድ ሁለተኛ ዘንግና በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል ዲፈረንሻል ካለ ፎር ዊል ነው፤ ከሌለ አይደለም፤ ክርክር አያስፈልገውም። ዘንጉ ኖሮም የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ጠጠር ያለበት ሜዳ ፈልጌ፣ ዲፈረንሻሉን ቆልፌ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ በመጀመሪያ ማርሽ ቀስ እያልሁ እዞራለሁ። የሚሠራ ከሆነ መኪናው መዞር እንደ ጠላ ሰው ይከብዳል፤ የፊት ጎማዎቹም ጠጠሩን እየቧጨሩ ይሄዳሉ። ቁልፉን ስፈታው ክብደቱ ወዲያው ይለቃል። ሁለቱን ስሜቶች ተራ በተራ ካገኘሁ፣ ወርጄ የኋላውን ዲፈረንሻል ዘይት እንዲከፍቱልኝ እጠይቃለሁ።